ግራጫው ዝቃጭ፦ ስለ ጋዝ ብሎባክ ኤርሶፍት ጠመንጃ ቁሶችና ብልሽቶች

ባለፈው ሳምንት የጋዝ ብሎባክ ኤርሶፍት ጠመንጃዬን፣ ማለትም ለጨዋታ ትናንሽ የፕላስቲክ ኳሶችን በጋዝ ግፊት የሚተኩሰውን፣ ለማጽዳት ፈትቼ ቦልቱን (በየተኩሱ ጋዙ ወደ ኋላ የሚገፋውን ተንሸራታች ክፍል) ሳወጣ፣ ከሆዱ ሥር የተጠራቀመው የሲሊኮን ዘይት ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ሳሸው ደቃቅ አሸዋ የገባበት ያህል ይሻክራል፤ በነጭ ጨርቅ ጠርጌ ወደ መብራቱ ሳቀርበው ደግሞ ያብለጨልጫል። ከውጭ የገባ አቧራ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ጠመንጃው ራሱን እየሞረደ ያወጣው ዱቄት ነበር። ምንጩን ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። ቦልቱ ወደ ኋላ ሲሄድ መዶሻውን (ምላጩ ሲሳብ የጋዙን ቫልቭ የሚመታውን ክፍል) ተጭኖ በሚያስተኛበት ቦታ ላይ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ፣ ሹል የነበረው ጠርዝ ተድበልብሎ፣ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ተፈጥሯል። መዶሻው አረብ ብረት ነው፤ ቦልቱ የዚንክ ቅይጥ ነው። የፋብሪካውን መዶሻ አውጥቼ በአረብ ብረት የለወጥኩት እኔው ነኝ፤ የለወጥኩትም ጠመንጃው እንዲበረታ ብዬ ነበር።

ይህ መስመር ለረጅም ጊዜ ሳስበው የቆየሁትን ነገር እንድጽፍ አስገደደኝ። ስለነዚህ ጠመንጃዎች ስንነጋገር «ሙሉ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱ «ሙሉ ብረት» ከሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን በአማርኛችን «ብረት» የምንለው ነገር እጅግ ሰፊ ነው። የቀለጠ ዚንክ ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ የወጣውም፣ ከድፍን አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የተሠራውም፣ በሙቀት የጠነከረው አረብ ብረትም ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ። ከዚህም በላይ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ጥንካሬ ለብቻው ብዙ አይነግረንም። ጠመንጃው አስተማማኝ መሆኑ የሚወሰነው የትኛው ቁስ ከየትኛው ጋር እንደሚፋተግ፣ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንዲያልቅ እንደተፈቀደና በመካከላቸው ያለው ጋዝ በምን ያህል ግፊት እንደሚገፋቸው ነው።

አሠራሩን ላላዩት በአጭሩ ልግለጽ። ጋዙ የሚቀመጠው ኳሶቹንም በሚይዘው ካዝና ውስጥ ነው፤ አብዛኛው በፈሳሽ መልክ ሆኖ ከላዩ ተን አለው። ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ተለቅቆ በአንድ ትንሽ መምቻ አማካይነት የካዝናውን ቫልቭ ይመታል፤ ጋዙም በካዝናው አናት ላይ ባለው የጎማ መተላለፊያ በኩል ወደ ኖዝሉ (ከቦልቱ ፊት ወዳለው፣ ኳሷን ወደሚገፋው አጭር ቱቦ) ይገባል። በኖዝሉ ውስጥ ያለች ትንሽ ቫልቭ ጋዙን በመጀመሪያ ወደ ፊት ለኳሷ ትሰጣለች፤ ኳሷ ከተገፋች በኋላ የፊቱን መንገድ ትዘጋና ጋዙ ወደ ኋላ ዞሮ ቦልቱን ይገፋል። ቦልቱ ወደ ኋላ እየሄደ መዶሻውን ያስተኛል፣ ከሰደፉ ውስጥ ያለውን ሞላ ይጨምቃል፣ ከዚያም ሞላው ሲመልሰው ኖዝሉ ቀጣዩን ኳስ ከካዝናው አፍ ገፍቶ ያስገባል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። 0.20 ግራም የምትመዝነው ባለ 6 ሚሊሜትር ኳስ በሰከንድ 100 ሜትር ብትወጣ የያዘችው ጉልበት 1 ጁል ብቻ ነው። በአንጻሩ 300 ግራም የሚመዝን ቦልት በሰከንድ 4 ሜትር ቢንቀሳቀስ 2.4 ጁል ይይዛል። ጠመንጃውን የሚሰብረው የኳሷ ጉልበት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ተኩስ የራሱ ቦልት የሚያሳርፍበት ምት ነው።

አሁን ወደ ዚንክ ልምጣ፤ ብዙ የሚወቀሰው እሱ ነውና። የዚንክ ቅይጥ፣ በተለይ ዛማክ የሚባለው ቤተሰብ፣ 4 በመቶ ያህል አሉሚኒየምና ጥቂት ማግኒዥየም፣ አንዳንዴም መዳብ የተቀላቀለበት ዚንክ ነው። ስሙ ራሱ ከነዚሁ አራት ብረታ ብረቶች የጀርመንኛ ስሞች የተወሰደ ነው፤ ቅይጡንም እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው ኒው ጀርሲ ዚንክ የተባለው ኩባንያ ነው። በ385 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ አሉሚኒየም ግን 660 ዲግሪ ይፈልጋል። አምራቾች የሚወዱት ለዚህ ነው፦ የአረብ ብረት ቅርጽ ማውጫው ቶሎ አይበላሽም፣ ስስ ግድግዳና ውስብስብ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ፊቱም ለስላሳ ይሆናል። ደግሞም ከባድ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 6.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7፣ አረብ ብረት ደግሞ 7.8 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ዚንክን በእጁ የያዘ ሰው ክብደቱን ብቻ አይቶ አረብ ብረት የያዘ ሊመስለው ይችላል።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳብ ዚንክ ደካማ አይደለም። ለመበጠስ የሚፈልገው ኃይል 6061 ከሚባለው የተለመደ አሉሚኒየም ብዙም አያንስም። ድክመቱ ያለው በድግግሞሽ፣ በምትና በብርድ ነው። ሺህ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሲመታ ይደክማል፤ ቋሚ ጭነት ሲያርፍበት በክፍል ሙቀት እንኳ በዝግታ ቅርጹን ይለውጣል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ ምት የመቋቋም አቅሙ በብዙ ይቀንስና እንደ ሸክላ ይሰበራል። ቅይጡ በእርሳስ ወይም በቆርቆሮ ማዕድን ከተበከለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየተሰነጣጠቀና እያበጠ ይሄዳል። ይህ በጥሩ ንጽሕና ባለው ዚንክ የሚቀር ችግር ነው፤ ሆኖም የጽዳቱን ደረጃ ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ማንም መዶሻ፣ የመዶሻ መያዣ ጥርስ ወይም የቫልቭ መምቻ ከዚንክ ቢሠራ፣ የሚበላበትን ቀን እየቆጠረ ነው ማለት ነው። የመያዣው ጥርስ ጠርዝ ሲድበለበል አንድ ጊዜ ምላጭ ተስቦ ሁለት ወይም ሦስት ኳስ ይወጣል፤ ይህንን እንደ ቀላል ነገር ማየት አይገባም፤ ጠመንጃው ከሰው ፈቃድ ውጭ እየተኮሰ ነውና።

አሉሚኒየምን በሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ቀልጦ በቅርጽ የሚወጣው በውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ስለሚኖሩት፣ ሰደፉ በሚታሰርበት ባለ ጥርስ ቀለበትና በፒን ቀዳዳዎች ዙሪያ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከድፍን የተፈለፈለው ግን ከዚህ የጸዳ ነው። 6061 እና 7075 የሚባሉት ቁጥሮች ደግሞ ትልቅ ልዩነት አላቸው፤ 7075 በሙቀት ከጠነከረ በኋላ ለመበጠስ የሚፈልገው ኃይል የ6061ን እጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ነው የሚቀረው። በሁለቱም ላይ የሚደረገው ጠንካራ አኖዳይዚንግ (በኤሌክትሪክ ፊቱ ላይ የሚፈጠር የኦክሳይድ ሽፋን) ከማይክሮን ቆጠራ የማይዘል ቅርፊት መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። መፋቅን ይከላከላል፤ ምትን አይከላከልም፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አሉሚኒየም ሲሰረጉድ ቅርፊቱም አብሮ ይሰነጠቃል። የላይ ሽፋንን በትክክል ከተጠቀሙት መካከል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን፣ ቶኪዮ ማሩይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን ኤም4 ኤምደብሊውኤስ የተባለ የጋዝ ብሎባክ ጠመንጃ እጠቅሳለሁ፤ አካሉ ሴራኮት በሚባል የሴራሚክ ቀለም የተሸፈነ ነው፤ ሽፋኑም ሥራውን የሚሠራው ፊቱን ከመፋቅና ከዝገት በመጠበቅ ነው።

«አረብ ብረት» የሚለው ቃልም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዱቄቱ ከማጣበቂያ ጋር ተቀላቅሎ በቅርጽ ከወጣ በኋላ በእቶን የሚጋገር አለ፤ ከድፍን የሚፈለፈል አለ፤ ከላሜራ ተቆርጦ የሚታጠፍም አለ። ሦስቱም በሙቀት ካልጠነከሩ በስተቀር ጠርዛቸው እየተቀጠቀጠ ይሰፋል። እኔ የማደርገው ፈተና ቀላል ነው፦ ከዓይን በተሰወረ ጥግ ላይ ጥሩ ሞረድ በቀስታ አሳርፋለሁ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፤ ከነከሰ ግን ስሙ ብቻ ነው አረብ ብረት።

ጉዳዩ ጥልቅ የሚሆነው ግን ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ቦልት ማቆሚያውን እንውሰድ። ካዝናው ኳስ ሲጨርስ ይህች ትንሽ ምላስ ወደ ላይ ትወጣና እየሮጠ ያለውን ቦልት ታቆመዋለች። የቦልቱ ሙሉ ክብደት፣ ከኋላ የሚገፋው ሞላ ተጨምሮበት፣ ጥቂት ካሬ ሚሊሜትር በሆነች ፊት ላይ ያርፋል። ማቆሚያዋ አረብ ብረት፣ ቦልቱ ዚንክ ከሆነ የቦልቱ ጠርዝ በጥቂት መቶ ካዝና ውስጥ ይገመጣል፤ ሁለቱም ዚንክ ከሆኑ ማቆሚያዋ ትሰበራለች፤ ሁለቱም የጠነከረ አረብ ብረት ከሆኑ ደግሞ ምቱ ወደ ማቆሚያዋ ፒን፣ ከፒኑም ወደ አሉሚኒየሙ አካል ቀዳዳ ይተላለፍና ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። ምቱ የትም አይጠፋም፤ ከደካማው ደጃፍ እስኪደርስ ይጓዛል። ስለዚህ አንድን ክፍል ከማጠንከራችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ከዚህ በኋላ የሚሰበረው ማነው? ዋጋውስ ከአሁኑ ይበልጣል?» የሚል ነው። እኔ ርካሹን መዶሻ ለማዳን ብዬ ውዱን ቦልት አስበላሁት፤ ይህን ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው። ጥሩ ነዳፊ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ በቦልቱ ሆድና በማቆሚያው መምቻ ላይ ብቻ ትንሽ የአረብ ብረት ቁራጭ አስገብቶ ቀሪውን ቀላል አድርጎ ይተወዋል። ቁራጩ ሲያልቅ በሁለት ብሎን ተፈትቶ ይለወጣል።

ሙሉ የአረብ ብረት ቦልት ስለማስገባትም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ትከሻ ላይ የሚሰማው ምት ይጨምራል፤ ያንን ስሜት የሚወድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ከወዳጆቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ከባዱን ቦልት ለማንቀሳቀስ ብዙ ጋዝ ይጠፋል፣ ካዝናው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ በሰከንድ የሚተኮሰው ቁጥር ይቀንሳል፣ ከኋላ የሚቆምበት ቦታም ክፉኛ ይመታል። ሰደፉ ውስጥ ያለው ማቆሚያ አጭር ከሆነ ቦልቱ ከሚገባው በላይ ይሄድና ከአካሉ ጋር ይጋጫል። ይህን ለማወቅ ምርመራ አያሻም፤ የሰደፉን ቱቦ የያዙት የአካሉ ጥርሶች ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልጉ። ካለ ጠመንጃው መተኮስ የለበትም።

ይህ ሁሉ ግጭት በምን ያህል ኃይል እንደሚፈጸም የሚወስነው ጋዙ ነው። ግሪን ጋዝ የሚባለው በመሠረቱ የሲሊኮን ዘይት ጠብታ የተቀላቀለበት ፕሮፔን ነው። የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ፕሮፔን፣ የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሮ፣ በ0 ዲግሪ 4.7 ባር፣ በ20 ዲግሪ 8.4 ባር፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 10.8 ባር ያህል ግፊት አለው። 134ኤ የሚባለው፣ በማቀዝቀዣዎች የሚታወቀው ጋዝ በ20 ዲግሪ 5.7 ባር ያህል ብቻ ነው። ጃፓን ውስጥ የባለ 6 ሚሊሜትር ኳስ ጉልበት በሕግ ከ0.98 ጁል እንዳያልፍ ስለተወሰነ፣ የዚያ አገር አምራቾች ጠመንጃዎቻቸውን ሲነድፉ የሚያስቡት ዝቅተኛ ግፊት ያለውን ጋዝ ነው። ለ5.7 ባር የተነደፈ የዚንክ ቦልትና ስስ ኖዝል በሞቃት ቀን 10 ባር ሲገባበት ቢሰበር፣ ጥፋቱን ቁሱ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ከፍተኛ ግፊት ሌላም ባሕርይ አለው፤ ቫልቩን ከውስጥ አጥብቆ ስለሚይዘው መዶሻው መትቶ ሊከፍተው ያቅተዋል። በሙቀት ቀን ምላጩ ተስቦ «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚለው ጠመንጃ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለውም።

በተቃራኒው፣ ፈሳሹ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የሚወስደውም ከካዝናው ነው። 1 ግራም ፕሮፔን ለመትነን 350 ጁል ያህል ይፈልጋል። ካዝናው 450 ግራም የሚመዝን የዚንክ ዕቃ ቢሆን ይህ ብቻ በ2 ዲግሪ ገደማ ያቀዘቅዘዋል፤ በፍጥነት ሲተኮስ ደግሞ ቅዝቃዜው ይደራረባል። ግፊቱ ሲወርድ ቦልቱ እስከ ኋላ መድረስ ያቅተዋል፣ ኳስ ሳያነሳ ይመለሳል፣ ወይም መዶሻውን ሳያስተኛ ይቀራል። ሰዎች በዚህ ጊዜ መዶሻ፣ ሞላና ኖዝል ሲቀያይሩ አይቻለሁ፤ ካዝናውን በእጅ መዳፍ ወይም በልብስ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ሳለ። እዚህ ላይ ለዚንክ ልመስክርለት፤ በካዝናው ላይ ቦታው ነው። ሙቀትን በክብደቱ አከማችቶ ለጋዙ ያበድራል፣ ማንም አይመታውም፣ ውስብስብ ጉድጓዶቹም በቅርጽ ብቻ ይወጣሉ። ቀላል ይሁን ተብሎ ግድግዳው የሳሳ ካዝና ከጥቂት ኳሶች በኋላ የሚደክመው ይህ የሙቀት ስንቅ ስለሌለው ነው። ቁስ ክፉ ወይም ደግ የሚሆነው በተሰጠው ሥራ መሆኑን ከካዝናና ከመዶሻ በላይ የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

ማፍሰስ የብዙዎች ምሬት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የሚያፈስ ካዝና ስይዝ መጀመሪያ ኳሶቹን አውጥቼ፣ ጥቂት ጋዝ ብቻ ሞልቼ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አጠልቀዋለሁ፤ የፈላ ወይም የሚያቃጥል ውኃ ፈጽሞ አይነካውም፤ ቦታውም ከእሳት የራቀና አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት፤ ፕሮፔን ተቀጣጣይ ነውና። ከዚያ ዝም ብሎ ማየት ነው። ባለፈው ጊዜ ከካዝናዎቼ አንዱ ከታች በግራ ጥግ፣ ልክ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ አረፋዎችን በየሦስት ሰከንዱ አንድ አንድ እያደረገ ይለቅ ነበር። ከታችኛው ክዳን መሆኑን ያ አረፋ ነገረኝ። ክዳኑን ስከፍት ጋስኬቱ (ክዳኑን የሚያሽገው ጎማ) ከደረቀ ቆይቷል፤ በጥፍሬ ስጫነው ምልክቱ አልመለስ አለ። አረፋው ከመሙያው ቀዳዳ ቢወጣ የመሙያው ቫልቭ፣ ከአናቱ ቢወጣ ደግሞ የመልቀቂያው ቫልቭ ቀለበት ነው። በአናት ላይ ያለው የጎማ መተላለፊያ ግን በውኃ አይያዝም፤ ግፊት የሚያገኘው በተኩስ ቅጽበት ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ ምልክቱ አረፋ አይሆንም፤ ጋዝ ሙሉ ሆኖ ሳለ ተኩሱ ይሰንፋል፤ በመጽሐፍ መሃል እንደጠፋ ገጽ ያህል የሚያደናግር ብልሽት ነው።

የጎማው ዓይነትም የብረቱን ያህል ያገባናል። ናይትራይል የሚባለው ጎማ ፕሮፔንንም የሲሊኮን ዘይትንም ይችላል። ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ግን በሲሊኮን ዘይት ያብጣል፤ ስላበጠም ከመቀመጫው ተገፍቶ ይወጣል ወይም ይቆረጣል። ክዳኑ ሲመለስ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ደግሞ ከማፍሰሱ የባሰ ጥፋት ያመጣል፤ የአረብ ብረት ብሎን የዚንክ ጥርስ ከበላ ካዝናው አለቀለት። እኔ በመስቀለኛ ተራ በየጥቂቱ አጠብቅና ጋስኬቱ ሲጨመቅ እጄ ላይ ሲሰማኝ አቆማለሁ። ካዝናዎቹን ሳስቀምጥም ጥቂት ጋዝ ውስጣቸው እንዲቀር አደርጋለሁ፤ ቀለበቶቹን ከመቀመጫቸው ያጣብቃቸዋልና።

ኖዝሉ ብዙ ጊዜ የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይሎን ነው፤ ፕላስቲክ መሆኑም ስድብ አይደለም። ቀላል ስለሆነ ከኳሷ ኋላ ቶሎ ይደርሳል፣ በቅዝቃዜም ከዚንክ ይልቅ ይታገሣል። የሚሰበረው በታችኛው ከንፈሩ ላይ፣ ኳስ መንገድ ላይ ስትቀረቀር ነው፤ ወይም መላሽ ሞላው ሲበጠስ ከቦልቱ ጋር እየተጋጨ በኋላው በኩል ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም ኖዝል አይሰነጠቅም፤ ኳሷ ስትቀረቀር ግን ምቱን ለካዝናው አፍና ለሆፕ አፑ ጎማ (ኳሷን በራሷ ዙሪያ እንድትሽከረከር ለሚያደርገው) ያሳልፈዋል። የናይሎኑን ኖዝል ሆን ብዬ እንዲሰበር የተመደበ ክፍል አድርጌ ነው የማየው፤ ትርፍ አንድ ሁልጊዜ በቦርሳዬ አለ።

ከቀዘቀዘ ካዝና ላይ የሚወርደውን ጤዛም አትናቁት። ውኃው በአረብ ብረት ፒንና በዚንክ አካል መካከል ሲቀመጥ ዚንኩ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ከጨዋታ በኋላ ካዝናዎቹ በክፍል ሙቀት እስኪደርቁ ድረስ ከቦርሳ ውጭ ማሳደር ይበቃል።

በጠመንጃዬ ላይ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የአረብ ብረቱን መዶሻ አላወጣሁትም፤ ቦልቱን የሚነካበትን ጀርባ ግን በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ድረስ አለስልሼ ጠርዙን አድበለበልኩት፤ ሹል ጠርዝ ሞረድ ነው፣ ለስላሳ ጠርዝ ተንሸራታች ነው። ቦልቱን ከ7075 አሉሚኒየም በተሠራና መዶሻው በሚፋተግበት ቦታ ላይ የአረብ ብረት ቁራጭ ባለው ለወጥኩት። ቀላል ስለሆነ ትከሻዬ ላይ የሚያርፈው ምት ቀንሷል፤ ይህን ማጣቴ ቅር ብሎኛል። በሞቃት ቀን 134ኤ፣ በመካከለኛው ግሪን ጋዝ እጠቀማለሁ። ከዚያ ወዲህ አሥር ካዝና ተኩሼ እንደገና ፈታሁት፤ ያንኑ ነጭ ጨርቅ ከቦልቱ ሥር አሳለፍኩ። ዘይቱ ጠቆር ብሏል፣ በጣቶቼ መካከል ግን አይሻክርም፤ ወደ መብራቱ ሳቀርበውም ከሁለት ሦስት ብልጭታ በስተቀር አላየሁበትም። ቀጣዩን ፍተሻ ከሠላሳ ካዝና በኋላ አደርጋለሁ፤ ጨርቁንም ለማነጻጸሪያ አስቀምጬዋለሁ።